ስለ ማንቸስተር ሲቲ የእግር ኳስ ማኅበር አቋም መለዋወጥና ስለ ደጋፊዎቹ ምሬት

የእግር ኳስ ጨዋታ ለታሪክ ጥናት የሚበቃ ጉዳይ ነውን? ብሎ የሚጠይቀን ሰው ሊኖር ይችላል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ሠላሳና ዐርባ ሺህ ሕዝብ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገንዘቡን ከፍሎ፤ ዝናብ እየደበደበው የሚቆምለት ነገር፤ ያም ልማድ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ እንደ ሆነ፤ የታሪክ ተማሪ አይቶ እንዳላየ ሊያልፈው አይገባም እንላለን።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን በተማሪዎች መካከል በየሳምንቱ የምንሰማው ክርክር ነው። በአገራችን የእንግሊዝን ጨዋታ በቴሌቪዥን የሚከታተለው ወጣት ብዛቱ የታወቀ ነው። ሰኞ ጧት ከትምህርት ሰዓት በፊት የሚሰማው ሮሮም እንዲሁ የታወቀ ነው፤ ይኸውም «ቡድናችን ዛሬ ያስቀናል፤ ነገ ያሳፍራል፤ ዓመሉ አይታወቅም» የሚል ነው። አንዳንዱ ይህን የአቋም መለዋወጥ እንደ አሠልጣኙ ጥፋት ይቈጥረዋል። ሌላው ግን የማኅበሩ ተፈጥሮ ነው፤ ከጥንትም እንዲህ ነው፤ ወደፊትም እንዲህ ይሆናል ይላል። እኛን ያሳሰበን ይህ ሁለተኛው አነጋገር ነው። አንድ የእግር ኳስ ማኅበር ተጫዋቹም፤ አሠልጣኙም፤ ሹማምንቱም፤ ሜዳውም ሳይቀር በየዘመኑ እየተለወጠ ሳለ፤ «ተፈጥሮ» የሚባል ነገር እንደምን ሊኖረው ይችላል? ወይስ ደጋፊው የተለያየ ምክንያት ያላቸውን ብዙ ሐዘኖች በአንድ ስም ጠርቶ ያስቀመጠበት ዕቃ ቤት ነውን?

ይህን ለመመርመር የመረጥነው የማንቸስተር ሲቲን ማኅበር ነው። ዛሬ ይህን ስም የሚሰማ ወጣት ከ2021 እስከ 2024 ባሉት ዓመታት አራት ጊዜ በተከታታይ የእንግሊዝ ሻምፒዮን የሆነውን ባለጠጋ ቡድን ስለሚያስብ ምርጫችን ሊያስደንቀው ይችላል። ይሁን እንጂ በእንግሊዝ አገር ሽማግሌዎች ዘንድ የአቋም መለዋወጥ ሲነሣ እንደ ምሳሌ ሲጠቀስ የኖረው ይኸው ማኅበር ነው። ደጋፊዎቹም «የሲቲ ነገር ይህ ነው» የሚል የተለመደ አባባል አላቸው፤ ይህንንም የሚናገሩት ሊያሸንፉት የሚገባውን ጨዋታ በማይታመን መንገድ በተሸነፉ ጊዜ ነው። ከ1998 እስከ 2001 አሠልጣኝ የነበረው ጆ ሮይልም ነገሩን በበሽታ መስሎ «ሲቲያይቲስ» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሲሆኑ፤ የእንግሊዝ የጨዋታ ዘመን ከነሐሴ ጀምሮ እስከ ግንቦት የሚደርስ መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ማኅበሩ የተመሠረተው በ1880 በማንቸስተር ከተማ በምሥራቅ በኩል በሚገኘው በዌስት ጎርተን የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ነበር። በ1887 አርድዊክ ተባለ፤ በ1894 ደግሞ የዛሬ ስሙን ያዘ። በ1904 የእንግሊዝን ዋንጫ ወሰደ፤ በ1906 ግን ለተጫዋቾች ከተወሰነው በላይ ገንዘብ ከፍሏል ተብሎ 17 ተጫዋቾቹ ታገዱበት። ደጋፊዎቹ የመለዋወጡን ታሪክ ከዚህ መጀመር ይወዳሉ። እኛ ግን ይህ ቅጣት እንጂ የአቋም ጉዳይ ስላልሆነ አልፈነው ወደ 1926 እንሄዳለን።

በ1925 የበጋ ወራት በእግር ኳስ ሕግ ላይ ትልቅ ለውጥ ተደርጎ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ አጥቂ ኳስ በሚቀበልበት ጊዜ በእርሱና በጐሉ መስመር መካከል ቢያንስ ሦስት ተቃራኒዎች መኖር ነበረባቸው፤ አለዚያ ኦፍሳይድ ይባልበታል። አዲሱ ሕግ ሦስቱን ወደ ሁለት አወረደው። ውጤቱም ወዲያው ታየ፤ በየሜዳው ጐል እንደ ዝናብ ወረደ። ተከላካዮቻቸውን ለአዲሱ ሕግ ፈጥነው ያዘጋጁ ቡድኖች ተጠቀሙ፤ ያላዘጋጁት ተጐዱ። ማንቸስተር ሲቲ በማጥቃት በኩል ከሕጉ ብዙ ከተጠቀሙት፤ በመከላከል በኩል ደግሞ ብዙ ከተጐዱት መካከል ነበረ። በዚያ ዘመን በሊግ ጨዋታ 89 ጐል አግብቶ 100 ገባበት።

ከዚህም ጋር ማኅበሩ በኅዳር 1925 አሠልጣኙ ስለ ለቀቀ ብዙ ወራት ያለ አሠልጣኝ ቈየ፤ ቡድኑንም የሚመርጡት ሹማምንቱ ነበሩ። እንግዲህ በዚያ ክረምት የደጋፊውን ሁኔታ እንመልከት። በጥር ወር ቡድኑ ወደ ጐረቤቱ ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ሜዳ ሄዶ 6 ለ 1 አሸነፈ። በየካቲት በዋንጫው ጨዋታ ክሪስታል ፓላስን 11 ለ 4 ረታ። በመጋቢት መጨረሻ በግማሽ ፍጻሜው ዩናይትድን እንደ ገና 3 ለ 0 አሰናበተ። እንዲህ ያለውን ቡድን የሚደግፍ ሰው በሠንጠረዡ መጨረሻ አካባቢ መሆኑን ቢነግሩት እንደምን ሊያምን ይችላል? ነገሩ ግን እንዲያ ነበር። በሚያዝያ 24 ቀን 1926 በዌምብሌ በቦልተን 1 ለ 0 ተሸንፎ ዋንጫውን አጣ። ከሳምንት በኋላ በሊጉ የመጨረሻ ጨዋታ በኒውካስል ሜዳ አንድ ነጥብ ብቻ ቢያገኝ ይተርፍ ነበር። አንድ ፔናልቲ ስቶ 3 ለ 2 ተሸነፈና ወደ ሁለተኛ ክፍል ወረደ። በአንድ ዘመን ለእንግሊዝ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ ከአንደኛው ክፍልም የወረደ የመጀመሪያው ቡድን ሆነ።

የሚከተለው ዓመት ከዚህ የባሰ ነው ለማለት ባንደፍርም፤ ለደጋፊው ትዕግሥት ከዚህ የሚያንስ ፈተና አልነበረም። በ1927 ከሁለተኛ ክፍል ወደ አንደኛ የሚወጡት ሁለት ቡድኖች ሲሆኑ፤ ሲቲና ፖርትስመዝ ለሁለተኛው ቦታ በእኩል ነጥብ ይፎካከሩ ነበር። በዚያን ጊዜ ነጥብ እኩል ሲሆን የሚለየው ያገቡትን ጐል ለገባባቸው በማካፈል በሚገኘው ምጣኔ ነበር። በመጨረሻው ቀን ሲቲ ብራድፎርድ ሲቲን በሜዳው 8 ለ 0 አሸነፈ። ሕዝቡም በደስታ ወደ ሜዳው ገባ። የፖርትስመዝ ጨዋታ ግን ዘግይቶ የተጀመረ ስለ ነበር ገና አላለቀም ነበር፤ እዚያም ፖርትስመዝ 5 ለ 1 አሸነፈ። ሁለቱም 54 ነጥብ ያዙ። የሲቲ ጐል 108 ለ 61 ሲሆን ምጣኔው 1.7705 ነው፤ የፖርትስመዝ 87 ለ 49 ሲሆን 1.7755 ነው። ፖርትስመዝ ወጣ፤ ሲቲ ቀረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ብንሠራ አንባቢ አይቈጣን። ሲቲ በዚያ ቀን ስምንት መሆኑ ቀርቶ ዘጠኝ አግብቶ ቢሆን ምጣኔው 109 ለ 61፤ ማለት 1.7869 ሆኖ ያልፍ ነበር። ከዚህም ይልቅ የሚያስገርመው ከ1976 ወዲህ በእንግሊዝ ሊግ የሚሠራበት ደንብ፤ ማለት የገባውን ካገቡት መቀነስ፤ በዚያን ጊዜ ቢሆን ኖሮ የሲቲ ልዩነት 47፤ የፖርትስመዝ 38 ስለ ሆነ ሲቲ በሰፊው ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ማካፈል ጣለው፤ መቀነስ ባዳነው ነበር። ይህን የቡድን ዓመል ነው ብሎ መጥራት ይቻላልን? በሚቀጥለው ዓመት በ1928 ሲቲ የሁለተኛው ክፍል ሻምፒዮን ሆኖ ወጣ፤ ግን ስለ 1928 የሚያወራ ሽማግሌ አይገኝም፤ የሚወራው ስለ 1927 ነው። ደጋፊ የሚያስታውሰው እንዴት መርጦ እንደ ሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

አሁን ዋና ወደምንለው ወደ 1937 እና 1938 ደርሰናል። በ1934 የእንግሊዝን ዋንጫ የወሰደው ቡድን በ1936 ፒተር ዶኸርቲ የሚባለውን የሰሜን አየርላንድ ተወላጅ ከብላክፑል በ10,000 ፓውንድ ገዝቶ ነበር፤ ይህም ለዚያ ዘመን ብዙ ገንዘብ ነበር። ሆኖም በ1936 የልደት በዓል ዕለት በግሪምስቢ 5 ለ 3 ሲሸነፍ ቡድኑን ሻምፒዮን ይሆናል ብሎ የገመተ ሰው መኖሩ ያጠራጥራል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን በዚያ ዘመን በሊጉ አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም፤ በተከታታይ 22 ጨዋታ ማለት ነው። በሚያዝያ 1937 የዘመኑን ኃያል አርሴናልን በሜይን ሮድ 2 ለ 0 አሸንፎ፤ በመጨረሻ 57 ነጥብና 107 ጐል ይዞ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ዶኸርቲ ብቻውን 30 ጐል አገባ፤ ግራ ክንፉ ኤሪክ ብሩክ 20።

በሚቀጥለው ነሐሴ ሜዳ የገባው ቡድን ከሞላ ጐደል ያው ነበር። አሠልጣኙ ዊልፍ ዋይልድም አልተለወጠም፤ በረኛውም ያው ፍራንክ ስዊፍት ነበር። ይኸው ቡድን በግንቦት 1938 ወደ ሁለተኛ ክፍል ወረደ። በእንግሊዝ እግር ኳስ ታሪክ ሻምፒዮን በሆነ በማግሥቱ ዓመት የወረደ ቡድን ከሲቲ በቀር እስከ ዛሬ የለም። የወረደውም ጐል ማግባት ተስኖት አይደለም። 80 ጐል አግብቶ በዚያ ዓመት ከአንደኛው ክፍል ቡድኖች ሁሉ ይበልጥ ነበር፤ ሻምፒዮኑ አርሴናል ያገባው 77 ነው። ከገባበት ይልቅ ያገባው ይበልጣል፤ 80 ለ 77። ሰባት ጐል ያገባበት ቀን ነበረ። እንዲህ ሆኖ 20 ጨዋታ ተሸነፈ።

የዚህን ምክንያት ስናስብ ሁለት ነገር ይታየናል። አንደኛው ጐሎቹ በየጨዋታው የተከፋፈሉበት ሁኔታ ነው። ለአንድ ቀን ድል ሰባት ጐል ሁለት ነጥብ እንጂ ሰባት ነጥብ አያስገኝም፤ በአንድ ጐል መሸነፍም በአምስት ከመሸነፍ የተለየ ቅጣት የለውም። ሲቲ ሲያሸንፍ በብዙ፤ ሲሸነፍ በጥቂት የሚሸነፍ ቡድን ነበር፤ ይህም ለዓይን ያማረ፤ ለሠንጠረዥ ግን የማይጠቅም አጨዋወት ነው። ሁለተኛው ነገር በዚያ ዓመት ሊጉ እጅግ የተጠጋጋ መሆኑ ነው። አንደኛ የወጣው አርሴናል 52 ነጥብ ሲኖረው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሲቲና ዌስት ብሮምዊች 36 ነበራቸው። በአንደኛና በመጨረሻው መካከል 16 ነጥብ ብቻ ማለት ነው። ከሁለቱ በላይ አራት ቡድኖች በ38 ነጥብ ተከማችተው ነበር። በእንዲህ ያለ ዓመት አንድ ድል ከወራጅነት ያወጣል፤ አንድ ሽንፈት ይጥላል። የመጨረሻው ጨዋታ በሀደርስፊልድ ሜዳ ነበር፤ ሀደርስፊልድም ራሱ ለመውረድ የተቃረበ ነበር። 1 ለ 0 አለቀ፤ ሲቲ ተሸነፈ።

ስለዚህ በ1937 እና በ1938 መካከል የነበረው የአቋም ልዩነት በእውነት ትልቅ ቢሆንም፤ ሠንጠረዡ ያሳየው ልዩነት ከእውነተኛው ልዩነት እጅግ ይበልጥ ነበር ለማለት ይቻላል። ደጋፊው ግን የሚያየው ሠንጠረዡን ነው። ያውም ባለፈው ግንቦት ከዋንጫው ጋር የሠለጠነውን ሰልፍ ያየ ሰው በዚህ ግንቦት ከሀደርስፊልድ በባቡር ሲመለስ የጐል ክፍፍል እንዲህ ነበር ብለው ቢያስረዱት የሚጽናና አይመስለንም። እኛም በእርሱ ቦታ ብንሆን አንጽናናም።

ከጦርነቱ በኋላ ያለው ዘመን ለዚሁ ነገር ሌላ መልክ ይሰጠዋል። ከ1950 እስከ 1963 አሠልጣኝ የነበረው ሌስ ማክዳወል አዲስ የአሰላለፍ ዘዴ መሞከር የሚወድ ሰው ነበር። በ1953 የሀንጋሪ ቡድን እንግሊዝን በዌምብሌ 6 ለ 3 ካሸነፈ በኋላ፤ መካከለኛውን አጥቂ ወደ ኋላ ስቦ የሚያጫውተውን ዘዴ ሲቲ ተቀበለ፤ በዚያም ቦታ የተጫወተው ዶን ሬቪ ስለ ነበር ዘዴው በስሙ ተጠራ። በዚሁ ዘዴ በ1955 ለዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በኒውካስል 3 ለ 1 ተሸነፈ፤ በ1956 ተመልሶ በርሚንግሃምን 3 ለ 1 አሸነፈ። በዚህ ሁለተኛ ጨዋታ ጀርመናዊው በረኛ በርት ትራውትማን የአንገቱ አጥንት ተሰብሮ ሳለ እስከ መጨረሻ መጫወቱ ዓለም ያወቀው ነገር ነው።

ይኸው አሠልጣኝ በ1957 መስከረም መከላከያውን በአዲስ ዘዴ አሰለፈ። በአንድ ቅዳሜ በፕሬስተን 6 ለ 1፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ በዌስት ብሮምዊች 9 ለ 2 ተሸነፈ። በየካቲት 1958 በሌስተር 8 ለ 4። ይሁንና በዚያ ዓመት መጨረሻ አምስተኛ ወጣ! 104 ጐል አገባ፤ 100 ገባበት። በእንግሊዝ ከፍተኛ ሊግ በአንድ ዘመን መቶ አግብቶ መቶ የገባበት ሌላ ቡድን የለም። ከ42 ጨዋታ እኩል የወጣው 5 ብቻ ነው። በዚያ ዓመት የሲቲን ጨዋታ ለማየት የሄደ ሰው ምን እንደሚያይ አያውቅም፤ አንድ ነገር ግን ያውቃል፤ ያለ ጐል አይመለስም። እኛ በበኩላችን ይህን ዓመት ከብስጭት መዝገብ አውጥተን በደስታ መዝገብ ብንጽፈው እንወድ ነበር፤ የመዘገቡት ሰዎች ግን ከአምስተኛነቱ ይልቅ ዘጠኙን ጐል አጥብቀው ያስታውሳሉ።

ስለ ዴኒስ ሎው ሳንናገር ብናልፍ ደግሞ አግባብ አይሆንም። በጥር 1961 በዋንጫው ጨዋታ በሉተን ሜዳ ሲቲ 6 ለ 2 ይመራ ነበር፤ ስድስቱንም ያገባ ሎው ብቻውን ነው። ዝናቡ ሜዳውን ስላጥለቀለቀው ዳኛው በ69ኛው ደቂቃ ጨዋታውን አቆመ። ጨዋታው ከመጀመሪያው ሲደገም ሉተን 3 ለ 1 አሸነፈ፤ የሲቲን አንድ ጐል ያገባው ሎው ራሱ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ የዋንጫ ግጥሚያ ሰባት ጐል አግብቶ ቡድኑ ወደቀ፤ ከሰባቱም ስድስቱ በመዝገብ የሉም። ይህ የአቋም መለዋወጥ ሳይሆን የዝናብ ነገር ነው። በደጋፊው ልብ ውስጥ ግን ከ1927 እና ከ1938 አጠገብ በአንድ መደርደሪያ ተቀምጧል። ሎው በዚያው ዓመት ወደ ኢጣሊያ ተሸጠ፤ ቡድኑም በ1963 በሊጉ 102 ጐል ገብቶበት ወረደ።

እስካሁን ያየነው ስለ ቡድኑ ነው፤ ስለ ደጋፊው ራሱ ማስረጃ የሚሆነን የተመልካቹ ቍጥር ነው። በመጋቢት 1934 በሜይን ሮድ ሲቲና ስቶክ ለዋንጫ ሲጫወቱ 84,569 ሰው ገብቶ ነበር፤ ይህም አንድ የእንግሊዝ ማኅበር በገዛ ሜዳው ካገኘው ተመልካች ሁሉ ይበልጣል። በጥር 1965 በዚያው ሜዳ ከስዊንደን ጋር በሁለተኛ ክፍል ሲጫወት የገባው 8,015 ብቻ ነው። ይህን ያየ ሰው የደጋፊ ፍቅርም እንደ ቡድኑ ይለዋወጣል ሊል ይችላል። ነገር ግን በ1965 የነበረው ሁኔታ የመለዋወጥ ሳይሆን የመሞት ይመስል ነበር፤ ሕዝቡን ያስቀረው አለመታወቁ ሳይሆን መታወቁ ነው። ጆ መርሰርና ማልኮም አሊሰን በዚያው ዓመት መጥተው ቡድኑን በ1966 ወደ አንደኛ ክፍል ሲያወጡ፤ በ1968 በኒውካስል 4 ለ 3 አሸንፎ ሻምፒዮን ሲሆን ሕዝቡ ተመልሶ ነበር። አሊሰን በዚያን ጊዜ አውሮፓን እናስደነግጣለን ብሎ በይፋ ተናገረ። በመጀመሪያው ዙር የቱርኩ ፌነርባቼ አስወጣቸው፤ በሊጉም የዚያ ዓመት ሻምፒዮን 13ኛ ወጣ፤ ሆኖም በዚያው ዓመት የእንግሊዝን ዋንጫ፤ በ1970 ደግሞ የአውሮፓን የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ወሰደ።

ጐረቤቱን ዩናይትድን ብናስብ፤ በ1968 የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኖ በ1974 ወደ ሁለተኛ ክፍል ወርዷል። ይህን የዩናይትድ ተፈጥሮ ነው ያለ ሰው ግን አልሰማንም፤ አንድ ክፉ ዘመን ነበር ተብሎ ታልፏል። ስለዚህ «ተፈጥሮ» የሚለው ስም የሚሰጠው መውደቅን ለለመደ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ ደግሞ ሁሉ ነገር በእርሱ ይተረጐማል።

ከ1983 እስከ 2002 ያለው ዘመን ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ በዚህ ላይ ለደጋፊው ምሬት ፍጹም እንፈርዳለን። በ1983፤ በ1987፤ በ1996፤ በ1998 እና በ2001 ወረደ፤ በ1985፤ በ1989፤ በ1999፤ በ2000 እና በ2002 ወጣ። ይህ እንደ እንቧይ ካብ ሲሠሩት የሚናድ ነገር ነው። ምክንያቱ ግን የተሰወረ አልነበረም። ከ1973 ጀምሮ ሊቀ መንበር የነበረው ፒተር ስዌልስ አሠልጣኝ በየጊዜው ይለዋውጥ ስለ ነበር ደጋፊው በይፋ ተነሣበት፤ በ1994 ቦታውን የያዘው ደግሞ በ1968 ቡድን ውስጥ አጥቂ የነበረው ፍራንሲስ ሊ ነበር። ሕዝቡ የገዛ ጀግናውን ሾመ ለማለት ይቻላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ቡድኑ ወረደ።

የ1996 አወራረድ ለብቻው መነገር አለበት። በመጨረሻው ቀን ሲቲ ከሊቨርፑል ጋር 2 ለ 2 ሆኖ ሳለ፤ የሌሎቹ ጨዋታ ውጤት በሐሰት ተወርቶ እኩል መውጣት ይበቃናል ተባለ። ተጫዋቾቹም ኳሱን ወደ ሜዳው ጥግ ወስደው ጊዜ ማባከን ጀመሩ። ተቀይሮ የወጣው ናያል ክዊን እውነቱን ሰምቶ ከመስመሩ ዳር እየሮጠ ጮኸባቸው፤ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ቡድኑ በጐል ልዩነት ወረደ። በሚከተለው ዘመን ጊዜያዊ ሹማምንትን ጨምሮ አምስት ሰዎች ቡድኑን መሩት፤ ከእነርሱ አንዱ የቈየው አንድ ወር ያህል ብቻ ነው። በአንድ ዓመት አምስት አለቃ የሚፈራረቅበት መሥሪያ ቤት ሥራው ቢበላሽ ማን ይደነቃል? ለዚህ በሽታ ስም መፈለግ አያስፈልግም፤ ያለ ሥርዓት መተዳደር ነው። በ1998 ግንቦት በስቶክ ሜዳ 5 ለ 2 አሸንፎ በዚያው ሰዓት ወደ ሦስተኛው ደረጃ ሊግ ወረደ፤ የሚያስፈልገው የሌሎቹ መሸነፍ ስለ ነበርና እነርሱም ስላልተሸነፉ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ጥናታችንን ስንጀምር ያልጠበቅነው ነው። በሦስተኛው ደረጃ በ1998 እና 1999 ዘመን ሜይን ሮድ በየጨዋታው በአማካይ ሃያ ስምንት ሺህ ያህል ሰው ይገባ ነበር። በታኅሣሥ ወር ቡድኑ በዮርክ ተሸንፎ በዚያ ዝቅተኛ ሊግ እንኳ በመካከለኛ ቦታ በነበረበት ጊዜ ሕዝቡ አልቀረም። በ1965 የቀረው ሕዝብ በ1998 ለምን አልቀረም? ለዚህ አንድ ግምት አለን። በ1965 ደጋፊው ቡድኑን ይመዝን ነበር፤ በ1998 ግን መውደቁ ራሱ የደጋፊነቱ መታወቂያ ሆኖ ነበር። አስቀድሞ በ1988 ገደማ ሕዝቡ በአየር የተነፋ የላስቲክ ሙዝ ይዞ ወደ ሜዳ መሄድ ጀምሮ ነበር፤ በዚያው ዓመት በልደት ማግሥት በሺህ የሚቈጠር የሲቲ ደጋፊ እንደ ካርኒቫል ለብሶ ወደ ስቶክ ሄደ። ቡድኑ 3 ለ 1 ተሸነፈ። እንዲህ ያለ ሰው በብስጭቱ መሣቅን ተምሯል፤ «የሲቲ ነገር» የሚለውም አባባል ክስ መሆኑ ቀርቶ የቤተ ሰብ ስም ሆነ። ታሪኩ ትክክል ባይሆንም አገልግሎቱ እውነተኛ ነው፤ ይህን ሳንረዳ «ተፈጥሮ የሚባል ነገር የለም» ብለን ብቻ ብንደመድም ከነገሩ ግማሹን ባልተረዳን ነበር።

በግንቦት 30 ቀን 1999 በዌምብሌ ከጊሊንግሃም ጋር ወደ ሁለተኛው ደረጃ ለመውጣት ሲጫወቱ፤ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር 2 ለ 0 ይመሩ የነበሩት ጊሊንግሃሞች ነበሩ። ከአራት ቀን በፊት ዩናይትድ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኗል። ብዙ የሲቲ ደጋፊ ተነሥቶ ወጣ። ሆርሎክ በ90ኛው፤ ዲኮቭ በ95ኛው ደቂቃ አገቡ፤ በፔናልቲም ሲቲ አሸነፈ። የወጡት ጩኸቱን ሰምተው እየሮጡ ተመለሱ።

በ2008 ማኅበሩን የአቡ ዳቢ ባለሀብቶች ገዙት፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የገንዘብ ታሪክ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ከዚያ ወዲህ ደጋፊ የሆነ የአገራችን ወጣት ሁለት ጊዜ በተከታታይ ሲሸነፍ ምድር የጠፋች ሲመስለው፤ ሽማግሌው የማንቸስተር ሰው ለምን ዝም ብሎ እንደሚያየው ከላይ የተጻፈው ያስረዳ ይሆናል። በግንቦት 13 ቀን 2012 ሲቲ ከ1968 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ለመሆን ኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስን በሜዳው ማሸነፍ ነበረበት። ተቃራኒው አንድ ሰው በቀይ ካርድ ወጥቶበት በ10 ሰው ሲጫወት ሳለ፤ የመደበኛው ሰዓት ሲያልቅ 2 ለ 1 ይመራ ነበር። ጀኮ በ92ኛው፤ አጉዌሮ በ94ኛው ደቂቃ አገቡ። ሲቲና ዩናይትድ እኩል 89 ነጥብ ያዙ፤ የለያቸውም የጐል ልዩነት ነበር፤ ለሲቲ 64፤ ለዩናይትድ 56፤ በመቀነስ ተሠልቶ ማለት ነው። በዚያም ቀን በ2 ለ 1 ላይ ተስፋ ቈርጠው ከሜዳው የወጡ ነበሩ።